አድራሻ የሚገዛውና የማይገዛው

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለወላጆች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



በዚህ አካባቢ ቤት ለመግዛት የተነሣ ሀበሻ የመኝታ ቤቱን ብዛትና የወር ክፍያውን ካጣራ በኋላ ሳይጠይቅ የማያልፈው ነገር አለ፤ «ትምህርት ቤቱ ስንት ነው?» ይላል። መልሱ ቁጥር ነው። ዘጠኝ ከተባለ ፊቱ ይፈካል፤ አራት ከተባለ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። ከዚያ ለዘጠኙ ሲል ከአቅሙ በላይ ይበደራል፣ ሁለተኛ ሥራ ይጨምራል፣ ልጁን የሚያየው ተኝቶ ሳለ ብቻ ይሆናል። ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ ቁጥር፣ ይልቁንም ቁጥሩ ስለማያሳየው ነገር ልነግራችሁ ነው።

ቁጥሩን በብዛት የሚያወጣው ግሬትስኩልስ የሚባል በ1998 የተመሠረተ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ለየትምህርት ቤቱ ከ1 እስከ 10 ይሰጣል። እንደ ዚሎ ያሉ የቤት ገበያዎች ከቤቱ ፎቶግራፍ በታች ስለሚያወጡት እኛ ሳናስተውል የቤቱ ዋጋ አካል ሆኖ አረፈ። ይህ ውጤት ለረጅም ጊዜ የተሠራው በዋናነት ልጆቹ በስቴቱ ፈተና ካመጡት ነጥብ ነበር። የፈተና ነጥብ ደግሞ ከምንም በላይ ተከትሎ የሚሄደው የወላጅን ገቢና የትምህርት ደረጃ ነው። ጄምስ ኮልማን የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1966 ለአሜሪካ መንግሥት ባቀረበው ትልቅ ጥናት ይህንኑ ብሎ ነበር፤ በተማሪዎች ውጤት መካከል ያለውን ልዩነት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ ይበልጥ ያስረዳል።

እንግዲህ በነጥብ ብቻ ትምህርት ቤትን መመዘን ሐኪምን በታካሚዎቹ ጤንነት እንደ መመዘን ነው። ጤነኛ ብቻ የሚቀበል ክሊኒክ ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሾን ሪርደን የሚባሉ ተመራማሪ የአገሪቱን የትምህርት ዲስትሪክቶች ውጤት ሰብስበው ሁለት ነገሮችን ለይተው አዩ። አንደኛው ልጆቹ አሁን የደረሱበት ደረጃ ነው። ሁለተኛው ልጆቹ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደሚያድጉ ነው። የመጀመሪያው ከቤተሰብ ገቢ ጋር በጣም የተጣበቀ ሆኖ ሲገኝ፣ ሁለተኛው ግን እምብዛም አልነበረም። ሁሉንም ያስገረመችው ቺካጎ ናት። ስሟ በትምህርት ጉዳይ በክፉ የሚነሣ ከተማ ናት፤ አማካይ ነጥቧም ከአገሪቱ አማካይ በታች ነበር። ነገር ግን ልጆቿ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ባሉት አምስት ዓመታት የስድስት ዓመት ያህል ትምህርት እንደሚጨብጡ ታየ። ይህን ሳያይ ቺካጎን ጥሎ የሸሸ ወላጅ የሸሸው ከድህነት እንጂ ከደካማ ማስተማር አልነበረም ማለት ነው። ግሬትስኩልስም ራሱ በ2020 ለተማሪዎች እድገት የሚሰጠውን ክብደት ከፍ አድርጓል። ስለዚህ ገጹን ስትከፍቱ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር እለፉትና የእድገቱን ክፍል ፈልጉ። የሜሪላንድ ትምህርት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በሚያወጣው የትምህርት ቤቶች ሪፖርት ካርድ ላይም እድገት ለብቻው ተለይቶ ይገኛል።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ፣ «እንግዲያው የትም ብናስገባቸው ለውጥ የለውም ልትለን ነው?» ይለኝ ይሆናል። አልልም። የማልልበትንም ምክንያት ለመንገር ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ ማስረጃው የተገኘው እዚሁ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው።

ካውንቲው በ1974 ያወጣውን ሕግ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ኤምፒዲዩ እያልን የምንጠራው ነው። ሕጉ ሲወጣ 50 እና ከዚያ በላይ ቤት በአንድ ላይ የሚሠራ ድርጅት ከቤቶቹ የተወሰኑትን መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው በሚቻል ዋጋ እንዲያቀርብ አስገደደ። የካውንቲው የቤቶች ኮሚሽን ደግሞ ከእነዚህ ቤቶች እስከ ሲሶ ድረስ እየገዛ ለድኾች እንዲያከራይ ተፈቀደለት። በዚህ የተነሣ የጽዳት ሠራተኛዋና የሕግ ጠበቃው በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ላይ ሊኖሩ ቻሉ። ብዙ ካውንቲዎች እንዲህ ያለ ሕግ ለማውጣት የደፈሩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ፈጽሞ ያልደፈሩም አሉ።

ሄዘር ሽዋርትዝ የምትባል ተመራማሪ በ2001 እና በ2007 መካከል በእነዚህ የኮሚሽኑ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ 850 ያህል ልጆችን ተከታትላ ጥናቷን በ2010 አወጣች። ጥናቱን ብርቱ የሚያደርገው ቤተሰቦቹ ሰፈራቸውን አለመምረጣቸው ነው። የሚደርሳቸውን ቤት ዕጣ ይወስን ነበር። ስለዚህ «ጎበዝ ወላጅ ጥሩ ሰፈር መርጦ ነው» የሚል ሰበብ አይሠራም። በዚያው ዘመን ካውንቲው ድህነት የበዛባቸውን ትምህርት ቤቶች ለይቶ ተጨማሪ ገንዘብ ያፈስባቸው ነበር፤ የሙሉ ቀን ኪንደርጋርተን ከፈተ፣ የክፍሉን ተማሪ ቁጥር ቀነሰ፣ መምህራኑን አሠለጠነ። ውጤቱ ሲታይ ግን፣ ዕጣ ወደ ባለጸጋው ሰፈር ትምህርት ቤት የጣላቸው ድኻ ልጆች ተጨማሪ ገንዘብ ወደሚፈስበት ትምህርት ቤት ከሄዱት በልጠው ተገኙ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በሒሳብ ከካውንቲው ድኻ ካልሆኑ ልጆች ጋር የነበራቸውን ልዩነት በግማሽ አጥብበውት ነበር።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች ቤት አልገዙም፣ ወላጆቻቸውም ሀብታም አልሆኑም። ያገኙት አብሯቸው የተቀመጠውን ልጅ ነው። እንግዲህ በእኔ ግምት ከተማ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ «ትምህርት ቤቱ ስንት ነው?» ሳይሆን «በአንድ የምደባ ወሰን ውስጥ እነማን አብረው ተጠቃለዋል?» የሚለው ነው።

ወሰን ስል ካርታ ላይ የተሰመረውን መስመር ማለቴ ነው። የቤት አድራሻችሁ ልጃችሁ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚመደብ የሚወስነው በዚያ መስመር ነው። ከዚያ መስመር በላይ ደግሞ የዲስትሪክቱ ድንበር አለ፤ እሱም ከስቴት ስቴት ይለያያል። ኒው ጀርሲ ውስጥ 600 የሚጠጉ የትምህርት ዲስትሪክቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ትንሽ ከተማ የራሱ ቦርድና የራሱ በጀት አለው። ሜሪላንድ ውስጥ ግን በድምሩ 24 ብቻ ናቸው፤ 23ቱ ካውንቲዎችና ባልቲሞር ከተማ። ፖቶማክ ያለው ቪላና ላንግሊ ፓርክ አጠገብ ያለው አፓርትመንት፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ እስከሆኑ ድረስ፣ በአንድ ቦርድ ይተዳደራሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 በዲትሮይት ጉዳይ፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ የከተማዋን ጥቁር ልጆችና የዙሪያ ከተሞቹን ነጭ ልጆች ለማቀላቀል ሲባል የዲስትሪክቶችን ድንበር መሻገር አይቻልም ብሎ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ዲስትሪክት ለብዙ ባለጸጋ ቤተሰብ አጥር ሆነ። ስለዚህ ወደ ሌላ ስቴት ለመዛወር የምታስቡ ካላችሁ ከሣሎኑ ስፋት በፊት የዲስትሪክቱን ስፋት ጠይቁ።

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከተማዋ በ1971 በሦስት ትምህርት ቤቶች ተበታትነው የነበሩትን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቿን፣ ጥቁሩንም ነጩንም፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሰበሰበቻቸው። የዚያን ዓመት የእግር ኳስ ቡድን፣ የአሜሪካኖቹን ኳስ ማለቴ ነው፣ ታሪክ በ2000 ዴንዘል ዋሽንግተን የተወነበት ፊልም ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ያኔ የሚጠራው የዘር ቅልቅልን አጥብቀው ይቃወሙ በነበሩ የከተማዋ የትምህርት ኃላፊ ስም ነበር፤ ስሙ የተቀየረው በ2021 ነው። ዛሬም ከተማዋ ያላት መደበኛ የመንግሥት ሃይስኩል ያው አንዱ ነው። በአሮጌው የአሌክሳንድሪያ ክፍል የጡብ ቤት ውስጥ የሚኖረውም ልጅ፣ በምዕራቡ ጫፍ አፓርትመንት ውስጥ ያለው የእኛም ልጅ የሚመረቁት በአንድ ስም ነው። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያም በአማርኛ ይወጣል።

ይህን ታሪክ ካነሣሁ አይቀር አንድ ደስ የማይል ነገር ልናገር። ወገኖቻችን ቤት ሲመርጡ «ጥቁር የበዛበት ነው፣ ይቅርብን» ሲሉ እሰማለሁ። ሰው ፊት ላይሉት ይችላሉ፤ በስልክ ግን ይሉታል። ቨርጂኒያ ውስጥ ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ጥቁርና ነጭ ልጅ አብረው ከሚማሩ ብሎ ከ1959 እስከ 1964 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘግቷል። አምስት ዓመት! አርሊንግተን ውስጥ በዚያው በ1959 የካቲት ወር አራት ጥቁር ልጆች በፖሊስ ታጅበው ወደ ነጮች ትምህርት ቤት ገቡ። ዛሬ የእኛ ልጆች ያለ ጠባቂ የሚገቡበት በር በእነዚያ ልጆችና በወላጆቻቸው የተከፈተ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ልጆቻችሁ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ መምህሩ የሚያያቸው እንደ ጥቁር ልጆች ነው፤ ጥቁር ልጅን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ትምህርት ቤት የእናንተንም ልጅ ለይቶ ከፍ አያደርግም። ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች በጠንካራው ክፍል ውስጥ መኖር አለመኖራቸው ለእናንተ ልጅ ዕጣ ጥሩ ትንበያ ነው።

አሁን ወደ ኮሎምቢያ ልውሰዳችሁ፤ ከዚህ በሰሜን በኩል በሃዋርድ ካውንቲ ያለችው ከተማ ናት። ብዙዎቻችሁ ለልጅ ልደት ወይም ለኳስ ጨዋታ ሄዳችሁባታል። ከተማዋ ግን እንደ ሌላው ከተማ በዘፈቀደ አልበቀለችም። ጄምስ ራውዝ የተባለ የገበያ ማዕከላት ገንቢ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማንነቱን ሳያሳውቅ የገበሬ መሬት እያከታተለ ገዝቶ፣ 14,000 ኤከር ያህል ሲሞላለት፣ በ1963 ዕቅዱን ይፋ አደረገ። ከተማዋ የተከፈተችው በሰኔ 1967 ነው። የቤት ሽያጭ መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ፣ በሚያዝያ 1968 ነበር። ራውዝ ሕግ ሳያስገድደው ቤቱን ለሁሉም ሸጠ። ከተማዋ በተከፈተችበት በዚያው ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥቁርና በነጭ መካከል ጋብቻን የሚከለክሉ ሕጎችን ስለሻረ፣ ሌላ ቦታ ቤት መከራየት የሚከለከሉ ቅይጥ ባልና ሚስቶች ኮሎምቢያን መጠጊያ አደረጓት።

የሰውየው ዘዴ በጥቃቅኑ ነገር ላይ ነው የሚያስደስተኝ። ከተማዋን በመንደሮች ከፈላት፤ በየመንደሩም አፓርትመንት፣ ታውንሃውስና ለብቻው የቆመ ቤት እንዲኖር አደረገ። የፖስታ ሣጥኖቹን በየደጁ ከማቆም ይልቅ በአንድ ቦታ ሰበሰባቸው፤ ጎረቤት ደብዳቤውን ሊያመጣ ሲወጣ ከጎረቤቱ ጋር ሰላም እንዲባባል። የተለያዩ እምነቶች አንድ ሕንፃ እንዲጋሩ አደረገ። ይህ ሁሉ ሠርቷል፤ በ2016 መኒ የተባለው መጽሔት ኮሎምቢያን በአሜሪካ ለመኖሪያ ከተመረጡ ከተሞች አንደኛ አድርጓታል።

ነገር ግን ከተማ ያረጃል። ቀድመው የተሠሩት መንደሮች አፓርትመንቶች ሲያረጁ ኪራያቸው ረከሰ፤ አቅሙ ያነሰው ቤተሰብ ወደዚያ ተሰበሰበ። ዘግይተው በምዕራቡ በኩል የተሠሩት ደግሞ በአብዛኛው ትልልቅ ቤት ሆኑ። ትምህርት ቤቶቹም አብረው ተለያዩ። በ2019 የሃዋርድ ካውንቲ ትምህርት ቤት ቦርድ መጨናነቁንና የድህነት ክምችቱን ለማቃለል የምደባ ካርታውን እንደገና ሊያሰምር ተነሣ። ያኔ የሆነው ነገር አገር አቀፍ ዜና ነበር። ለብዝኃነትና ለእኩልነት በተመሠረተች ከተማ ዙሪያ ወላጆች ሰልፍ ወጡ፤ ተናጋሪዎቹ ብዙ ምሽት ፈጁ። «ይህን ቤት የገዛነው ለዚያ ትምህርት ቤት ነው» አሉ። ተቃዋሚዎቹ ነጮች ብቻ አልነበሩም፤ ከእስያ የመጡ ስደተኞችም ብዙ ነበሩ፤ እንደ እኛው ለልጅ ብለው የከፈሉ ሰዎች። አልፈርድባቸውም። ሆኖም ቦርዱ በኅዳር ወር ከ5,000 በላይ ተማሪዎችን የሚያዛውር ካርታ አጸደቀ። የቤት ብድር ለ30 ዓመት ነው፤ የምደባ ወሰን ግን አዲስ ትምህርት ቤት በተከፈተ ወይም አንዱ በተጨናነቀ ቁጥር ይቀየራል። ለአንድ ትምህርት ቤት ስም ብሎ 100 ሺህ ዶላር የጨመረ ሰው የገዛው ዋስትና የሌለው ነገር ነው።

ወሰኑ ጥሩ ሆኖ ተሰምሮ እንኳን በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሰን አለ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሞንጎመሪ ብሌር ሃይስኩል በ1985 የሒሳብ፣ የሳይንስና የኮምፒውተር ማግኔት ፕሮግራም፣ ማለትም ተማሪ መርጦ የሚቀበል ልዩ ክፍል፣ ተከፈተለት። በመላው አገሪቱ ስሙ የታወቀ ፕሮግራም ነው፤ በየዓመቱ የሚቀበለው 100 ያህል ልጅ ሲሆን ብዙዎቹ ከሌላ ሰፈር በአውቶቡስ ይመጣሉ። ትምህርት ቤቱ ግን ከ3,000 በላይ ተማሪ አለው። በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ፣ የየዕለት ፕሮግራማቸው ግን ለየቅል ነው። ብሌርን ለመውቀስ አይደለም፤ በየትልልቁ ትምህርት ቤት ያለ ነገር ነው። ወላጅ የትምህርት ቤቱን ዝና ሰምቶ ልጁን ሲያስመዘግብ ልጁ የሚገባው በየትኛው በኩል እንደሆነ መጠየቅ አለበት ለማለት ነው።

ኢኮኖሚስቱ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2022 ባወጡት ጥናት የ72 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን ወዳጅነት መረመሩ። ድኻ ልጅ አድጎ የተሻለ ኑሮ መኖሩን ከሁሉ አብልጦ የሚያመለክተው፣ ባደገበት ቦታ ድኻና ሀብታም መወዳጀታቸው ሆኖ ተገኘ። ቀጥለው ወዳጅነቱ ለምን እንደሚጎድል ሲመረምሩ፣ ግማሹ ምክንያት ጭራሽ አለመገናኘታቸው ሲሆን ግማሹ ተገናኝተውም አለመወዳጀታቸው ነበር። ይህ ሁለተኛው በትልልቅ ትምህርት ቤቶች ይብሳል። እንግዲህ «በዚህ ትምህርት ቤት ከ50 አገር የመጡ ልጆች አሉ» የሚል በራሪ ወረቀት ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ልጆቹ በሙዚቃ ቡድን፣ በሩጫ፣ በቲያትር የሚቀላቀሉ ከሆነ ሌላው ግማሽ አለ።

ትምህርት ቤቱን ስትጎበኙ ታዲያ ምን ትጠይቃላችሁ? ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ላይ አልጀብራ የሚወስዱት እነማን እንደሆኑ ካውንስለሩን ጠይቁ፤ ከዚያ ክፍል የቀረ ልጅ ኋላ ካልኩለስ ላይ መድረስ ይቸግረዋል። ኢሶል፣ ማለትም እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው ክፍል፣ የገባ ልጅ በስንት ጊዜ እንደሚወጣ ጠይቁ። የቋንቋ ድጋፍ ማግኘት መብት እንጂ ችሮታ አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 ወስኖታል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ልጅም በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብቱ በ1982 በዚያው ፍርድ ቤት ጸንቷል። አስተርጓሚ ስጡኝ ማለትም አትፈሩ፤ ልጁን ስለ ራሱ ጥፋት አስተርጓሚ ማድረግ ለማንም አይበጅም። ሪልተራችሁን ግን ስለ ሰፈሩ ዘር አትጠይቁ፤ ገዢን በዘር ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ሰፈር መምራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጠንቃቃ ሰው አይመልስላችሁም።

ለቤተሰብ ይመቻል የሚባለውም ነገር ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ራቅ ወዳለችው ክላርክስበርግ ሄዶ እዚህ ሊያወጣ በነበረው ገንዘብ ሰፊ አዲስ ቤት የገዛ አባት በ270 አውራ ጎዳና ላይ የሚያጠፋውን ሰዓት ይቁጠር። ከአገር ቤት የመጡትን እናቱንም ያስብ። መኪና አይነዱ፣ እንግሊዝኛ አይናገሩ፤ በዚያ ጸጥ ባለ መንገድ ጠዋት ሁሉም ወጥቶ ሲሄድ ቀኑን ሙሉ ከመስኮት ጋር ይቀራሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ፌንተን መንገድ አጠገብ በሚገኝ ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ ቢሆኑ በእግራቸው ወጥተው እንጀራ ይገዛሉ፣ ሰላም የሚላቸው ያገኛሉ። ልጁም ከትምህርት ቤት ሲመለስ አማርኛ የሚያናግረው ሰው ቤት ውስጥ ደስተኛ ሆኖ ያገኛል። ለእኔ ይህ ከሁለት ነጥብ በላይ ይመዝናል፤ ሌላው ሰው በተለየ መንገድ ቢመዝነው መብቱ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የምደባ ካርታ ሲከለስ ቦርዱ የሕዝብ መስሚያ ስብሰባ ይጠራል። ለመናገር ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠውም ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በጽሑፍም ማቅረብ ይቻላል። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ብዙ የሚናገረው ትልቅ ቤት ያለው ነው፤ እኛ የለንበትም፣ ሥራ ላይ ነን። ለመናገር የቤት ባለቤት መሆን አያስፈልግም፤ ተከራይም ይናገራል፣ ዜጋ ያልሆነም ይናገራል። የመመዝገቢያውን መንገድ የምትፈልጉ ስንጨርስ እዚህ ጠረጴዛው አጠገብ እጠብቃችኋለሁ። ጥያቄ ያለው ካለ ይጠይቀኝ።